የሌሊት ዱቲ ድካም እንዴት ይቀንሳል? ለዋርድ ኃላፊዎች የአሠራር መመሪያ

«ሲስተር፣ ልጆቹ ዝለውብኛል፤ ምን ላድርግላቸው?»

ይህን ጥያቄ ስለ ሠራተኞቻቸው ከዋርድ ኃላፊዎች ስሰማ ዓመታት አለፉ። አንዷ ሥልጠና ልታመጣላቸው ታስባለች። ሌላዋ የምስጋና ወረቀት አሳትማ ታድላለች። አንዱ ደግሞ በወር አንዴ ቡና እናፈላለን ይለኛል። ቡናው ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን የደከመ ሰው የሚፈልገው እንቅልፍ ነው። እንቅልፉ የሚገኘውም የሚጠፋውም ወሩ ከመግባቱ በፊት፣ የዱቲ (የተረኝነት) ፕሮግራም በምታወጡበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ስለዚህ መልሴን አንዴ ጽፌ ልገላገል። መመሪያው ለዋርድ ኃላፊ ነርሶች፣ ለሜትሮኖች (ለሆስፒታሉ ነርሶች የበላይ ኃላፊዎች) እና የሐኪም ተራ ለሚያወጡ አስተባባሪዎች ነው። ምሳሌዎቼ ከተኝቶ ሕክምና ዋርድ የተወሰዱ ናቸው። ለማዋለጃ፣ ለድንገተኛ ክፍልና ለጤና ጣቢያም በጥቂቱ አስተካክላችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁ። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ይህን እወቁ

ድካም ከሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው የሰውነት ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ሰውነት ወደ ታች ይወርዳል። ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ዓይን ይከብዳል፣ ቀላል ስሌት ይጠፋል። ዱቲ ላይ ጋቢ የሚያስፈልገው በዚያ ሰዓት የሆነው በውጭው ብርድ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ሳይተኙ የቆዩበት ጊዜ ነው። 17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው፣ ትኩረትና ፈጣን ምላሽ በሚለኩ ፈተናዎች ላይ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ያለበትን ሰው ይመስላል። 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። አሁን አስሉት። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳች ነርስ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ቤቷን ስትሠራ ውላ፣ ማታ 12 ሰዓት ዱቲ ገባች። 17 ሰዓቷን የምትሞላው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። 24ቱን የምትሞላው ደግሞ የጠዋት መድኃኒት በምትሰጥበት ሰዓት!

አሜሪካ ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ኢንተርኖች (በሥልጠና ላይ ያሉ ጀማሪ ሐኪሞች) ላይ ተሠርቶ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ኢንተርኖቹ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚረዝም ተራ ሲሠሩ፣ ተራው ካጠረበት ጊዜ ይልቅ ከባድ የሕክምና ስህተቶቻቸው በ36 በመቶ በልጠው ተገኝተዋል። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው፤ የተቀየረው ፕሮግራሙ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ደረጃ 3 ላይ ያስፈልጋችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 30 ሳጥን የወር ሰንጠረዥ፣ እርሳስና ላጲስ (እስክሪብቶ አትጠቀሙ፣ ትሰርዛላችሁ)
- ሁለት ቀለም ማድመቂያ፣ አንዱ ለሌሊት፣ አንዱ ለኦፍ (ለዕረፍት ቀን)
- አንድ ፍራሽ፣ ሁለት አንሶላ፣ አንድ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ
- በሩ የሚዘጋ ትንሽ ክፍል፣ ወይም መጋረጃ የሚሆን ወፍራም ጨርቅ
- የማንቂያ ሰዓት (ስልክ ይሆናል፣ ግን ባትሪው ሲያልቅ አይጮህም)
- ፔርሙስ፣ የውሃ ማፍያና ክዳን ያለው የመጠጥ ውሃ ጀሪካን
- ለርክክብ የሚሆን አንድ ደብተር
- ከሜትሮን የተፈረመ አንድ ገጽ ወረቀት

ይኸው ነው። ከፍራሹ በቀር አብዛኛው አሁንም ዋርዳችሁ ውስጥ አለ።

ደረጃ 1፦ ሰውና ሌሊት ቁጠሩ

ፕሮግራም ከማውጣታችሁ በፊት ስሌቱን በወረቀት ሥሩ። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ቀላል ነው። በየሌሊቱ 2 ነርስ ከገባ በወር 60 የሌሊት ቦታ አለ ማለት ነው። 10 ነርስ ካላችሁ ለእያንዳንዱ 6 ሌሊት ይደርሳል። አሁን አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ አንዱ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው እንበል። 8 ቀሩ። 60 ለ 8 ሲካፈል ሰባት ተኩል ነው። ግማሹ ሰው 7፣ ግማሹ 8 ሌሊት ይገባል።

ይህ ቁጥር ለምን ያስፈልጋል? አንድ ሰው 11 ሌሊት ገብቶ ሌላው 4 የገባበትን ፕሮግራም ቀድማችሁ ስለምትይዙት ነው። ሠራተኛ ብዙ ሌሊት ከመግባቱ በላይ የሚያንገበግበው ከጎኑ ያለው ሰው ጥቂት መግባቱ ነው።

ጳጉሜን አትርሱ። የነሐሴ ፕሮግራም 30 ላይ ያልቃል፣ የመስከረም ከ1 ይጀምራል። መሀል ላይ ያሉት 5 ቀናት (በአራት ዓመት አንዴ 6) ባለቤት አጥተው በስልክ ልመና ሲሞሉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የነሐሴን ፕሮግራም 35 ቀን (ጳጉሜን 6 ስትሆን 36) አድርጋችሁ አውጡት።

ሕጉንም አጠገባችሁ አድርጉ። በግል ሆስፒታል የምትሠሩ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከታችኋል። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ አትመደብም፣ ትርፍ ሰዓትም አትሠራም። የመንግሥት ሆስፒታሎች በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ስለሚተዳደሩ የእናንተን ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ፕሮግራሙን በእነዚህ ደንቦች አውጡ

ብዙ ጊዜ ስጡት። ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

ሀ) በተከታታይ ከ3 ሌሊት በላይ አትመድቡ። የቀን እንቅልፍ ከሌሊት እንቅልፍ ያጥራል፤ በየቀኑ የጎደለው እየተደመረ ይሄዳል። አራተኛው ሌሊት ላይ የምትገባው ልጅ የመጀመሪያዋ ሌሊት ልጅ አይደለችም።

ለ) ከአንድ ተራ መውጫ እስከ ሌላው መግቢያ ቢያንስ 11 ሰዓት ይኑር። ማታ 3 ሰዓት የወጣ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ቢገባ በወረቀት 11 ሰዓት ሞልቷል። ግን ታክሲውን፣ እራቱንና ጠዋት መነሻውን ቀንሱለት። የሚተርፈው ስድስት ሰዓት ቢሆን ነው። ከ11 በታች አትውረዱ።

ሐ) ተራ ስትቀይሩ ወደፊት አስኪዱት፤ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት። የሰውነት ሰዓት ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚረዝም አምሽቶ መተኛት ቀድሞ ከመተኛት ይቀለዋል። ከሌሊት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ጠዋት የሚሄድ ፕሮግራም ሰውን በየሳምንቱ ያናውዘዋል።

መ) ዱቲ የወጣበት ቀን ኦፍ አይባልም። ያ ቀን የተሰረቀው ሌሊት መመለሻ ነው። ከተከታታይ ሌሊቶች በኋላ፣ ከሚወጣበት ቀን ሌላ አንድ ሙሉ ነጻ ቀን ስጡ። እንዲህ ሲሆን ወደ ቀን ሥራ ከመመለሱ በፊት ሁለት ሌሊት አልጋው ላይ ይተኛል።

ሠ) አዲሱን ከነባሩ ጋር አጣምሩ። ሁለት አዲስ ተቀጣሪ ለብቻቸው ያደሩበት ሌሊት ከፍርሃቱ ብቻ ይደክማል።

ረ) በዓል ላይ ተነጋገሩ። የፋሲካን ሌሊት ሙስሊም ባልደረቦች፣ የዒድን ክርስቲያኖች ይዘው ማለፋቸው በብዙ ዋርድ የተለመደ መልካም ነገር ነው። ግን «ለምዶባቸዋል» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትጻፉት። ካለፈው ዓመት ማን የቱን በዓል እንደገባ በደብተር ያዙ፤ ዘንድሮ ማስታወስ የሚችል ሰው አይኖርም።

የሚቀጥለውን ወር ረቂቅ ወሩ በገባ በ20 ለጥፉ፣ እስከ 25 አስተያየት ተቀበሉ፣ ከዚያ ዝጉት። ሰው ሠርጉን፣ ልቅሶውንና የልጁን ክትባት የሚያመቻቸው ቀድሞ ሲያውቅ ነው። ነገ የሚገባበትን ዛሬ ማታ የሚሰማ ሰው ቤቱም ሆኖ አያርፍም።

ጥንቃቄ፦ የዱቲ ልውውጥና ሽያጭ። ዱቲ ይገዛል ይሸጣል፤ እንደሌለ አናስመስል። ደሞዝ አይበቃም፣ ከግል ክሊኒክ ወጥቶ ቀጥታ ዱቲ የሚገባም አለ። ክልከላ ብቻውን ነገሩን ወደ ድብቅ ይወስደዋል። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ማንኛውም ልውውጥ እናንተ ጋ ይመዝገብ፣ ከላይ ያሉትን ደንብ ሀ እና ለ ካፈረሰ አይፈቀድ። ገንዘቡ ውስጥ አትግቡ።

ደረጃ 3፦ የሸለብታ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ

ዱቲ ላይ መተኛት በብዙ ቦታ የዲሲፕሊን ክስ ያስከትላል። ስለዚህ ሰዉ ይተኛል፣ ግን ተደብቆ ነው። ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ ማን እንደሚጠብቅ ሳይነጋገር፣ ማንቂያ ሳይሞላ። በጣም አደገኛው እንቅልፍ ይሄኛው ነው።

ወደ ሜትሮን ቢሮ ስትሄዱ «ልጆቹ ይተኙ» አትበሉ። አንድ ገጽ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። በላዩ ላይ እነዚህ አራት ነገሮች ይኑሩ፦ በየሌሊቱ ሁልጊዜ የነቃ ሰው እንደሚኖር፣ ሸለብታው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የት እንደሚተኛ፣ በምን ሁኔታ እንደሚሰረዝ። የ36 በመቶውንም ቁጥር ጨምሩበት። አስፈርማችሁ አንዱን ቅጂ ዋርድ ላይ ለጥፉ፣ አንዱን ለሌሊት ሱፐርቫይዘር ስጡ። ፊርማው ከሌለ ወደ ደረጃ 4 አትለፉ፤ የሚከሰሰው የናንተ ልጅ ነው።

ደረጃ 4፦ ሸለብታውን አደራጁ

ሁለት ሰው ባለበት ሌሊት እንዲህ ይሄዳል።

1. የመጀመሪያው ሰው ከሌሊቱ 6 እስከ 7 ሰዓት ተኩል ይተኛ።
2. ከ7 ተኩል እስከ 8 ሁለቱም ይንቁ። የተነሳው ፊቱን ይታጠብ፣ ውሃ ይጠጣ፣ የዋርዱን ሁኔታ ይረከብ።
3. ሁለተኛው ሰው ከ8 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ይተኛ።
4. ከ9 ተኩል ጀምሮ እስከ ንጋት ሁለቱም ነቅተው ይቆዩ።

አንድ ሰዓት ተኩል የሆነበት ምክንያት አንድ የእንቅልፍ ዙር ወደዚያ ስለሚጠጋ ነው። ከጥልቅ እንቅልፍ መሀል የተቀሰቀሰ ሰው ለ15 ወይም ለ30 ደቂቃ ጭንቅላቱ አይሰበሰብም፤ መልስ ይሰጣችኋል፣ ግን እዚያ የለም። መሀል ላይ ግማሽ ሰዓት የተተወው ለዚህ ነው። የተነሳ ሰው በዚያ ጊዜ መድኃኒት አይቅዳ፣ ደም አይስቀል።

ዋርዱ ከባድ ከሆነ ሙሉውን ዙር ትታችሁ 20 ደቂቃ ተኙ። 20 ደቂቃ ወደ ጥልቁ ሳይገቡ የሚነሱበት ልክ ነው። መሀል ላይ መቆም፣ ማለትም 45 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት፣ ለብዙ ሰው ይብሳል፤ ተኝቶ ከተነሳ በኋላ ይበልጥ ይደነዝዛል።

ብቻውን የሚያድር ሰው ካለ ለብቻው አይተኛ። ከጎረቤት ዋርድ አንድ ሰው ለ20 ደቂቃ መጥቶ ይጠብቅለት፣ እሱም ተመልሶ ይጠብቅ። ይህን ቀን ላይ ከዚያኛው ዋርድ ኃላፊ ጋር ተስማሙ። በሌሊት የሚጀመር ድርድር አይሳካም።

ጥንቃቄ፦ ኮሪደር ላይ፣ ስትሬቸር ላይ፣ አስታማሚ በሚያይበት ቦታ አትተኙ። የልጁ ትኩሳት አልወርድ ብሎ ሲንቆራጠጥ ያደረ አባት ነጭ ጋዋን ለብሶ የተኛ ሰው ሲያይ የሚሰማውን አስቡ። ፎቶው ጠዋት ቲክቶክ ላይ ነው። የታካሚ አልጋም አትጠቀሙ፤ የኢንፌክሽን ጉዳይ አለ፣ ሌሊት ደግሞ ታካሚ ይመጣል።

ሸለብታው የሚሰረዘው መቼ ነው? ትንፋሹ የሚያስጋ ታካሚ ሲኖር፣ ደም እየተሰጠ ሲሆን፣ ማግኒዚየም ሰልፌት ላይ ያለች እናት ስትኖር፣ ወይም አንዱ ሰው ከታካሚ ጋር ወደ ሌላ ክፍል ሲወጣ። ይህን ዝርዝር እንደ ዋርዳችሁ ጨምሩበት።

ደረጃ 5፦ ከ9 እስከ 11 ያለውን ሰዓት አቅልሉ

አንድ ሌሊት፣ 10 ሰዓት ገደማ፣ 4 ዩኒት ኢንሱሊን የታዘዘለት ታካሚ ነበረኝ። 40 ቀድቼ ወደ አልጋው ስሄድ ጓደኛዬ «እስቲ አሳይኝ» አለችኝ። ቻርቱን ሦስቴ አንብቤዋለሁ። ሦስቴም 40 ነበር የታየኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰዓት ራሴን አላምንም።

ስለዚህ ሊዘገይ ወይም ሊቀድም የሚችለውን ሥራ ከዚህ ሰዓት አውጡ። የመድኃኒት ስሌት፣ የዕቃ ቆጠራ፣ ሪፖርት መጻፍ ከሌሊቱ 6 በፊት ይለቅ። ከሰዓቱ ሊነሳ የማይችለውን ደግሞ ሁለት ሰው ይየው። ኢንሱሊን፣ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ሄፓሪን፣ ማግኒዚየም ሰልፌትና ኦክሲቶሲን በዚህ ሰዓት በአንድ ሰው ብቻ አይሰጡ። ሁለተኛው ሰው ስሌቱን ለብቻው ይሥራ፤ የመጀመሪያውን መልስ ካየ በኋላ «አዎ ልክ ነው» ማለት ማጣራት አይባልም።

ደረጃ 6፦ ምግብ፣ ቡና፣ ጾም

ዋናው ምግብ ዱቲ ከመግባት በፊት ወይም እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይበላ። እኩለ ሌሊት ላይ ሁለት እንጀራ በወጥ የበላ ሰው 9 ሰዓት ላይ የት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ሌሊቱን ቆሎ፣ ሙዝ፣ ቂጣ፣ የተቀቀለ እንቁላል በቂ ነው። ውሃ አጠገብ ይኑር፤ ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው ብለው የማይጠጡ ብዙ ናቸው፣ ራስ ምታቱም ከዚያ ይመጣል።

ቡና መሥራት የሚጀምረው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ነው። ግማሹ ከሰውነት የሚወጣው ግን 5 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት መተኛት የሚፈልግ ሰው የመጨረሻውን ስኒ ከሌሊቱ 9 በፊት ይጠጣ። ጠዋት ሊወጣ ሲል «ለመንገድ» ብሎ የሚጠጣው ማኪያቶ የቀን እንቅልፉን ይበላዋል። ለ20 ደቂቃ የምትተኙ ከሆነ ደግሞ ቡናውን ጠጥታችሁ ወዲያው ተኙ፤ ስትነሱ እሱም ይነሳል።

ጫትም ያው ነው፣ ይብሳል እንጂ። ሌሊቱን ያቆማል፣ ቀኑን ይነጥቃል፣ በሚቀጥለው ሌሊት ደግሞ ያለሱ መቆም ያቅታል።

ጾም ሲገባ ሠራተኞቻችሁን ጠይቁ፣ አትገምቱ። በረመዳን ማፍጠሪያው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ከዱቲ ርክክብ ጋር ይገጣጠማል። ርክክቡን ሩብ ሰዓት አስቀድሙ ወይም አዘግዩ። ሱሁር እንዳያልፋቸው ሙስሊም ባልደረቦች የመጀመሪያውን የሸለብታ ተራ ይውሰዱ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚውል ሰው ካለ ከዱቲ ወጥቶ ያለ ምግብ ነው የሚተኛው። ተከታታይ ሌሊቶቹን ወደ ሁለት ዝቅ አድርጉለት።

ደረጃ 7፦ ጠዋት ቶሎ ልቀቋቸው

ርክክብ አልጋ ላይ ይሁን፣ በደብተርም ይጻፍ። የደከመ ሰው ያየውን ሁሉ የተናገረ ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ ከባድ ታካሚ አራት መስመር ይበቃል፦ ማን ነው፣ ሌሊት ምን ሆነ፣ ምን ተደረገለት፣ ምን ቀረ።

ሞርኒንግ (የጠዋት የሪፖርት ስብሰባ) ላይ ዱቲ ያደረው ሰው መጀመሪያ ሪፖርቱን ያቅርብና ይውጣ። ለስብሰባ፣ ለሥልጠና፣ ለፊርማ፣ «አንዴ ብቻ ላስቸግርህ» ለሚሉ ነገሮች አታቆዩት። ጠዋት የሚባክን አንድ ሰዓት ከምሽት አንድ ሰዓት ጋር አይተካከልም፤ ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር እንቅልፍ ይርቃል።

መኪና ወይም ሞተር የሚነዳ ካለ ከማሽከርከሩ በፊት 20 ደቂቃ ይተኛ፣ ወይም በታክሲ ይሂድ። በአሜሪካ ኢንተርኖች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ከረጅም ተራ ወጥተው የሚነዱት የመኪና አደጋ የማድረስ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ታክሲ ውስጥ የሚተኛም ለረዳቱ መውረጃውን ይንገር። ሜክሲኮ ልወርድ አየር ጤና የነቃሁበትን ቀን አልረሳውም።

ደረጃ 8፦ የቀን እንቅልፍ ወረቀት ስጧቸው

ቤታቸው ገብታችሁ ማስተኛት አትችሉም። ይህን ግን ጽፋችሁ ስጡ፦ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀል። ስልክ ይዘጋ፣ ወይም ለአንድ ሰው ብቻ ክፍት ይሁን። ጠዋት ገብቶ 4 ወይም 5 ሰዓት ይተኛ፣ ከዱቲ በፊት ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ይድገም። ለቤተሰብ «ዛሬ ቤት ነኝ» አይባልም፣ «ዛሬ እተኛለሁ» ይባላል። ቤት ውስጥ የታየ ሰው እንግዳ ይቀበላል፣ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ልቅሶ ይደርሳል።

ጥንቃቄ፦ የመድኃኒት ቁምሳጥን ቁልፍ እኛ ጋ ነው። ለመተኛት ዳያዜፓም፣ ለመቆም ትራማዶል የጀመረ ባልደረባ ካያችሁ ዝም አትበሉ። ለብቻው ጥሩት፣ ሕክምና አገናኙት። አደባባይ ላይ ካወጣችሁት ይደብቃል እንጂ አይተውም።

ደረጃ 9፦ ከከባድ ሌሊት በኋላ

እናት የሞተችበት፣ ሕፃን ያመለጠበት፣ ቤተሰብ ባልደረባችሁን የተማታበት ሌሊት አለ። ያን ጊዜ እንዲህ አድርጉ።

ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ከሥራው አውጡት። ሌላ ሰው ይተካው። ሻይ ስጡት፣ አጠገቡ ተቀመጡ። ቤተሰቡ ተቆጥቶ ከሆነ ጥበቃ ጥሩ፣ መርዶውንም እሱ ብቻውን አይንገር። ከዚያ ካወራ ስሙት፤ ካላወራ አትጎትጉቱት። የተጎዳን ሰው ሰብስቦ የሆነውን ሁሉ በግድ ማስተረክ አይረዳም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። እሱ የሚመክረው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ ሦስት ነገር ነው፦ ማየት፣ መስማት፣ ከሚረዳው ጋር ማገናኘት።

«ምን አጠፋህ?» የሚለው ጥያቄ በዚያ ሌሊት አይጠየቅ። የሞት ምርመራው የራሱ ቀን አለው። በሦስተኛው ቀን ደውሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ጠይቁ። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ይደውላል። ሰው የሚሰበረው ሁሉም ረስቶት ሲሄድ ነው።

ወደ ባለሙያ የምትልኩት ማንን ነው? ከኦፍ ተመልሶም ድካሙ የማይለቀውን፣ ለታካሚው ባዕድ የሆነውን፣ «እኔ ለዚህ ሥራ አልሆንም» ማለት የጀመረውን በቅርብ ተከታተሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን ሦስቱን ከሥራ ጋር የተያያዘ የመዛል ምልክት ብሎ መዝግቧቸዋል፤ በሽታ አላለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮግራሙን አይታችሁ አስተካክሉ። ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ መጠጥ ከተጨመረ ወደ አእምሮ ሕክምና ይሂድ። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን ቀን አትቁጠሩ። ያኑ ዕለት ሰው አብሮት ይሂድ፣ ብቻውን አይደር። እናንተው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካለና እዚያ መታየት ካፈረ ሌላ ቦታ ላኩት፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል አለ።

ደረጃ 10፦ ለኩት

ርክክብ ደብተሩ ላይ እያንዳንዱ ተረኛ ሲወጣ ከ1 እስከ 5 ድካሙን ይጻፍ፤ ስም አያስፈልግም። ለጥቂት የተረፉ ስህተቶችንና የሕመም ፈቃድን ቁጠሩ። ሁለት ወር ጠብቁ። አንድ ወር ብቻውን ይዋሻል፤ ወረርሽኝ ሊገባ፣ በዓል ሊበዛ ይችላል። ቁጥሩን ለሜትሮን ውሰዱ፤ ሁለተኛ ፍራሽ ወይም ተጨማሪ ሰው ስትጠይቁ ያግዛችኋል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ጎበዙን ማድከም። የማያጉረመርም ሰው ስሙ ፕሮግራሙ ላይ ይበዛል። ስሞቹን በየወሩ ቁጠሩ፣ ትደነግጣላችሁ።

ዱቲን መቅጫ ማድረግ። አርፍዶ ለመጣ ሰው የቅዳሜ ሌሊት «ከተሸለመ» ሌሎቹም ዱቲያቸውን እንደ ቅጣት ያዩታል።

ሁሉንም ደረጃ በአንድ ቀን መጀመር። መጀመሪያ 1ን እና 2ን ብቻ ለአንድ ወር ሥሩ። ሸለብታው ፊርማ ስለሚፈልግ በዚያው ወር ወረቀቱን አስኪዱ።

ፍራሹን ያለ ባለቤት መተው። አንሶላ የሚቀይር ሰው ስሙ ካልተጻፈ በሦስተኛው ሳምንት ማንም አይተኛበትም።

የመጨረሻው የናንተው ነው። የዋርድ ኃላፊ ስም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ላይ የለም፤ የጎደለውን ሁሉ ስለምትሞሉ። ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፣ ስማችሁን ጻፉ፣ በሳምንት አንድ ቀን ኦፍ ቀለሙን ቀቡበት። ከጎኑ በዚያ ቀን ስልክ የሚደወልለትን ሰው ስም አስፍሩ፣ ለሌሊት ሱፐርቫይዘሩም አሳውቁ።